የባቡሩ ሲዲ

ወለላ በዚያ ሳምንት አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አቃታት። ባሏ መልካሙ የሩዝ ዘር ባለሙያ ነው። ሰኞ ጠዋት የሁለት ቀን ሥራ አለኝ ብሎ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ይፋግ ሄደ፤ ማክሰኞ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ረቡዕ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። እሷ የምትሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቀለም ክፍል ውስጥ ነው፤ ነገሩ እስኪረጋጋ ሠራተኛው ቤቱ ይቆይ ስለተባለ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤታቸው ከልጇ ከአደይ ጋር ተዘግታ ቀረች። ቁም ሣጥኑን ታራግፋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ደጅ ወጥታ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ታያለች፣ ትመለሳለች። እንደማይጠራ እያወቀች ስልክ ትደውልለታለች፤ ታስቀምጠዋለች፤ ደግሞ ታነሳዋለች።

አደይ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የእናቷ መቁነጥነጥ ተጋብቶባት ከክፍል ክፍል ትዞር ነበር። ዓርብ ጠዋት ከአባቷ መሳቢያ አንድ ሲዲ ይዛ ወጣች። ላዩ ላይ ጥቁር ባቡር ተሥሎበታል። መልካሙ ተማሪ ሳለ የገዛው ጨዋታ ነው፤ ሐዲድ እየዘረጉ፣ ጣቢያ እየሠሩ፣ ባቡር የሚያስኬዱበት። ኢንተርኔት የሚባል አይፈልግም። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ይጫን እንደሆነ ጠየቀች።

አሮጌው ኮምፒውተር ሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ነው። መልካሙ ገና ሳይጋቡ ከጨረታ ያመጣው፣ ስክሪኑ ከኋላ እንደ ሣጥን የሚወጣ፣ ከተነካ ዓመታት ያለፉት ዕቃ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወለላ ተይው ትል ነበር። ያን ቀን ግን እጇ ሥራ ይፈልግ ነበርና ዳንቴሉን ገፈፈችው።

ቁልፉን ስትጫነው ማራገቢያው ተንጎራጎረ፤ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ቀረ። አጥፍታ አበራችው። ያው ሦስት ጩኸት። በዚህ ጊዜ አደይ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጎረቤታቸውን ጋሼ ገብረ ክርስቶስን ጠራቻቸው። ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው ናቸው። ካቻቢቴ እና የእርሳስ ላጲስ ይዘው መጡ። ጎኑን ከፍተው አንድ ጣት የምታህል የሜሞሪ ሰሌዳ ነቀሉ፤ ቢጫ ጥርሶቿን በላጲሱ አሸት አሸት አድርገው፣ እፍ ብለው መለሷት። ኮምፒውተሩ አንዴ ብቻ ጮኾ ተነሣ። ሰዓቱ ዘመኑን ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር፤ እሱንም አስተካከሉት። የሲዲው በር አልከፈት ሲል ደግሞ ወለላ አግራፍ ዘርግታ በትንሿ ቀዳዳ ወጋችው፤ ምላሱን አወጣ።

ጨዋታው መጫን ጀመረ። አረንጓዴው መስመር እየረዘመ ሄዶ ሰባ ሦስት በመቶ ላይ ቆመ። ሲዲው ውስጥ ውስጡን ይፈጫል፣ ዝም ይላል፣ ይፈጫል። ከዚያ አላነብም የሚል መልእክት መጣ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ሰባ ሦስት ላይ ቆመ። ወለላ ቆማ ጥፍሯን ትነክስ ነበር። ወጥታ ደጁን አየችና ተመለሰች።

ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ሲዲውን ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት፤ ተጭሯል። መላ አለው አሉ፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ ሆድ መገልበጥ፣ እምቢ ያለውን ደጋግሞ መሞከር፣ ከዚያ ከሆዱ መጫን። ችግሩ ግን ባዶ ቦታ አለመኖሩ ነበር። ሆዱ ጢም ብሏል። ከዊንዶውሱ ሌላ ትልቅ ነገር ሆነው የተገኙት ሁለት ማኅደሮች ናቸው፤ አንዱ "የሩዝ ጥናት" ይላል፣ ሁለተኛው "ሰርግ"።

ወለላ ወደ ሌላ ነገር ይገለበጥ እንደሆነ ጠየቀች። አይሆንም አሏት፤ የኮምፒውተሩ ሲዲ ማጫወቻ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ ዊንዶውሱም ፍላሽ የማያውቅ የድሮ ነው፤ ሃርድ ዲስኩን ነቅለው ወስደው እንዳይገለብጡት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የሰርጉ ካሴት ደግሞ ሻግቶ ከተጣለ ቆይቷል። የቀረው ይኸው ብቻ ነበር።

"ይኸን እኔ አልነካም" አሉና ጋሼ ገብረ ክርስቶስ በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

"የአባዬን ጥናት አጥፊው" አለች አደይ።

"ይቆጣል።"

"ይምጣና ይቆጣ!" አለች። ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወለላ እዚያው ቆመች። እስከዚያ ሰዓት ልጅቱ ለጨዋታው የተነጫነጨች መስሏት ነበር። ትከሻዋን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ አደይ ፈቀቅ አለችባት።

ወለላ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጥናቱ የአራት ዓመት ልፋቱ ነው፤ ማሳ ለማሳ፣ ጭቃ ለጭቃ የተንከራተተበት። ባለቤቱ ሳይኖር እጇን ልትሰድበት አትችልም። ሰርጉ ግን እኩሌታው የራሷ ነው። ግን ደግሞ ባሏ መንገድ ላይ ሳለ፣ ይኑር ይሙት ሳይታወቅ፣ ሰርጓን በእጇ የምታጠፋ ሴት ምን ትባላለች? በልቧ በስመ አብ አለች። ቪዲዮውን ከፈተችው። መልካሙ ትከሻው የሰፋ ሱፍ ለብሶ ከመኪና ወርዶ፣ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ሲዞር ታየ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳታይ ዘጋችው። አጥፋ ብላ ስታዘው ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀ። እርግጠኛ አልነበረችም። ተጫነችው።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነበር። ፋይሎቹ ገቡ። አንዱ ብቻ አምስት ጊዜ እምቢ አለ፤ ወለላ ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረገች በስድስተኛው ገባላት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የባቡር ፉጨት ሳሎኑን ሞላው። ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ከበረንዳው ብቅ ብለው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። አደይ ሐዲድ መዘርጋት ጀመረች። ወለላ ግን ማየት አልሆነላትም። ምን ነክቶኝ ነው እያለች ወጥ ቤት ገባች፣ ወጣች፣ ያጠበችውን ዕቃ መልሳ አጠበች።

ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። የዓሣ ጀልባዎች የሚታሰሩበት ቦታ አንድ አሥጋሪ አገኘች፤ መርስዔ ኀዘን ይባላል። በወዲያኛው ዳር በእግራቸው ወደ ሐይቁ ወርደው በጀልባ የሚሻገሩ ሰዎች እንዳሉ ነገራት። ስም እንደማያውቅ፣ ሰው ግን እየመጣ እንደሆነ። ወለላ እስከ ማታ ድረስ ውሃው ላይ የሚታየውን ነጥብ ሁሉ ስትቆጥር ዋለች። ማንም አልመጣም።

እሑድ ረፋድ ላይ መልካሙ በገዛ እግሩ በሩን ገፍቶ ገባ። ጢሙ አድጓል፣ ጫማውን በእጁ ይዟል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አደይ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ወለላ ግን እንኳን ደህና መጣህ ከማለቷ በፊት ይህ ቃል ከአፏ አመለጠ፦

"ሰርጋችንን አጠፋሁት።"

አልገባውም። ቆሞ ይሰማት ጀመር፤ ሲዲውን፣ ሰባ ሦስት በመቶውን፣ ሁለቱን ማኅደሮች ሁሉንም ነገረችው። ጥናትህን መንካት ፈራሁ አለችው።

መልካሙ ጫማውን መሬት አስቀመጠ። "ጥናቱ እኮ መሥሪያ ቤትም አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለት ቅጂ ነው ያለው።"

ወለላ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ሳምንቱን ሙሉ ያልወጣላትን ልቅሶ አለቀሰችው። እሱም ከነጭቃው አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ያዘ።

ከሰዓት በኋላ ታጥቦና በልቶ ሲያበቃ አደይ ከኮምፒውተሩ ፊት ጎትታ አስቀመጠችው። ሐዲዷን አሳየችው፤ ባቡሯ ስንዴ ጭኖ ከጣቢያ ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያ የጠፋው ቪዲዮ ላይ ምን እንደነበረ ጠየቀችው። መልካሙ መናገር ጀመረ፤ ሱፉን ከአጎቱ ልጅ እንደተዋሰው፣ መኪናው መራዊ ላይ ጎማ እንደፈነዳበት፣ ሚዜዎቹ በአቧራ ነጥተው እንደ ደረሱ። ወሬው መሃል የጎረቤት ብረት በር ተላጋ። ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ቆየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

"እሺ ከዚያስ?" አለች አደይ።

የት እንደደረሰ ጠፍቶበታል። ወለላ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ከዚያማ" አለች፣ "እኔ ቤት ሆኜ፣ ቀረ ብዬ፣ በሩን ሳይ ነበር።"