ሦስተኛው ቀዳዳ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእናትየው ጆሮ ግን ባዳነቱን አልፎ ጠላት ሆኖባታል። ግራው መስማት ካቆመ ዓመት አልፎታል። በቀኙ በኩል ደግሞ ሐኪሙ ነርቩ ላይ የበቀለ እብጠት አገኘ። «ወደ አንጎል ሳይገፋ መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ግን መስሚያዋን ይዞ ነው የሚሄደው» አለ። የተናገረው ለታላቁ ልጇ ነበር። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ የሐኪሙን ከንፈር ትመለከታለች። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። ስምንት ወር የተጠበቀ ተራ ስለሆነ፣ ትንሽ ይቆይልን ብሎ ነገር የለም።

ሰኞ ከሐኪም ቤት ተመለሱ። ቤት ገብታ ሻርፗን ሰቀለች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች።

«እስከ ሐሙስ ስንት ቀን አለ?» አለች።

ሦስት ጣት አሳያት።

«እንግዲያው የሱን ድምፅ አሰማኝና ከዚያ ልደንቁር።»

እሱ ማለቷ ታናሹን ነው። ታናሹ በኩላሊት ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ታላቁ ያኔ ባሕር ማዶ የኤሌክትሮኒክስ ፈተና ላይ ነበር፤ መርዶውን በስልክ ሰማ፤ ለቀብሩ አልደረሰም። ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ አራት ወር ሆኖታል፤ ሻንጣው ግን አሁንም አልጋው ሥር ግማሽ ተከፍቶ ነው ያለው። ሸሚዝ ሲፈልግ ከዚያ ያወጣል፤ ሲታጠብ መልሶ እዚያው ይከታል። እናትየው አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ከታናሹ የቀረ ድምፅ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በልጅነቱ ከሰው የገዛው፣ ነጭነቱ ወደ አሮጌ ጥርስ ቀለም የዞረ፣ ሻንጣ የሚያህል ኮምፒውተር ውስጥ። እንደሞተ ሰሞን የጎረቤት ልጅ እየመጣች እሁድ እሁድ ትከፍትላት ነበር፤ እናትየውም ቃል በቃል እስክትሸመድደው ሰምታዋለች። ከዚያ አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ የድምፅ ካርዱን ለአንድ ቀን አውሱኝ፤ ድግስ አለብኝ» ብሎ መጣ። ለምንድነው የምትከለክለው? ነቅሎ ወሰደ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈር ቀየረ፤ ካርዱም ሰውየውም በዚያው ቀሩ። በሚቀጥለው እሁድ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ዲዳ ነው። እናትየው ድምፁ ከካርዱ ጋር የሄደ መሰላት። «ልጄን በገዛ እጄ አውጥቼ ሰጠሁት» ስትል ኖራለች።

ታላቁ በመጣ ሰሞን ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ድምፁ ካርዱ ላይ አይደለም፣ እማ። ድምፁ ሳጥኑ ውስጥ ዲስኩ ላይ ነው። ካርዱ ጉሮሮ ማለት ነው። ሌላ ጉሮሮ እንገጥምለታለን» ብሎ በጆሮዋ ጮኸ። እሷም ያን ቀን እንደ ልጅ አጨበጨበች። እሱ ግን ነገ ዛሬ ሲል አራት ወር ሄደ።

ማክሰኞ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ዋለ። ኮምፒውተር ሻጮቹ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ እየተቀባበሉ ተሳሳቁበት። «ወንድም፣ ይሄ የሚጠገን አይደለም፤ የሚቀበር ነው» አለው አንዱ። ረቡዕ ጠዋት ግን አንድ ሰው ሽቦ ዘንድ ላከው። ሽቦ የሚሉት ሬዲዮ ጠጋኙን ነው፤ ለቅጥነቱ ያወጡለት ስም ነው፤ እሱም ወዶ የበሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎታል። ታላቁ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ እየተስተናገደች ነበር። ዝም ብሎ ከኋላዋ ቆመ።

ሴትዮዋ ስትወጣ ሽቦ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ከውጭ ነው የመጣኸው?»

«በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

«ወረፋ ስትጠብቅ አየሁሃ!»

ፎቶውን አሳየው። ሽቦ ስልኩን አርቆ አየው፤ አቅርቦ አየው። «ረጅሙ ጥቁሩ ማስገቢያ ነው ያለው? ዕድለኛ ነህ፤ ይሄ የጥንቱ ነው።» ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቶ፣ በጋዜጣ ከተጠቀለሉት ውስጥ አንዱን ፈታ። አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ታችኛው ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰደሩ ወርቃማ እግሮች።

«ከነበረበት ሳጥን ሲወጣ ይናገር ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም» አለ ሽቦ። «መጀመሪያ ዲስኩን ወደ ሌላ ብንገለብጠው ነበር ደጉ። የመገልበጫውን ገመድ ባልደረባዬ ይዞት ክፍለ አገር ወጥቷል፤ የሚመለሰው ደግሞ ዓርብ ነው።»

«እናቴ ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ትገባለች። ከዚያ በኋላ አትሰማም።»

ሽቦ ካርዱን መልሶ በጋዜጣው ጠቀለለው። «ሳጥኑን አምጣው፤ አሁኑኑ እዚሁ ልግጠምልህ።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ፤ ሙያዬ ነው።»

«ሙያህ ከሆነ ጥሩ። ብቻ ከግድግዳው ንቀል። ነቅለህ ስታበቃ ማብሪያውን አንዴ ተጫን፤ ውስጡ የቀረውን ይትፋ። ካርዱን በጠርዙ ያዝ፤ ወርቁን በጣትህ እንዳትነካ። ስታስገባ አታወዛውዝ፤ እኩል ተጫነው።»

«እሺ።»

«ከግድግዳው፣ እሺ?» አለ ሽቦ ደግሞ።

መንገድ ላይ ይህች ነገር ፈገግ አሰኘችው። በተማረበት አገር የቤተ ሙከራው መምህር ተቃራኒውን ነበር ያስተማሩት፦ ስፒናው ከግድግዳው አይነቀል፤ የግድግዳው ማጥፊያ ብቻ ይጥፋ። የኤሌክትሪኩ እሳት ይቆማል፤ የሶኬቱ ሦስተኛው ቀዳዳ፣ የመሬት መስመሩ፣ ግን ሳጥኑን ከመሬት ጋር እንዳገናኘ ይቆያል፤ ሰውነት ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ በዚያ ይወርዳል፤ ካርዱም አይቃጠልም። ይህን ለፈተና ጽፎ ሙሉ ውጤት አግኝቶበታል። ከተመለሰ ወዲህ ሁሉን ነገር ይጠራጠር ነበር፤ መመለሱን፣ ዲግሪውን፣ እናቱ ስታየው ማንን እንደምታይ። ይህን ግን አልጠረጠረም።

ኮምፒውተሩ ያለው ከጓሮ በኩል በተቀጠለችው ክፍል ነው። ክፍሏ የተሠራችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ መብራቷን የዘረጋው አጎታቸው ነበር። አጎትየው እጁ የማይገባበት ሙያ አልነበረም፤ ከገባበት ግን ሌላ ሰው ተጠርቶ ሳያስተካክለው ያለቀ ሥራ የለውም። ታላቁ ሲገባ እናትየው ወለሉን ወልውላ መጨረሷ ነው። ትልቅ ነገር በመጣ ቁጥር ወለል መወልወል ልማዷ ነው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ጫማውን በር ላይ አስወለቀችው፤ ትንሿን ምንጣፍ ጠረጴዛው ፊት ዘረጋችለትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ደህና የሚባለውን ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ አዙራ፣ ከአሁኑ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ቀጭ አደረገ። ስፒናውን እንደተሰካ ተወው።

«ነቅለኸዋል?» አለች እናትየው።

አሁን የመሬት መስመር ምን እንደሆነ በጆሮዋ ይጩህ? ጭንቅላቱን ነቀነቀላት፤ አዎ።

ክዳኑን ፈታ። ውስጡ አቧራው እንደ ሱፍ ተነጥፏል። ጎረምሳው የካርዱን ብሎን በፕላስተር ከውስጥ ለጥፏት ሄዷል፤ ሊመልስ አስቦ ነበር ማለት ነው። ታላቁ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ። ቆርቆሮውን ሲነካ መዳፉን እንደ ጉንዳን የመሰለ ነገር ወረረው። ሰውነቴ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እየወረደ ነው አለ በልቡ፤ ልክ መምህሩ እንዳሉት። ጉንዳኑ ግን አልቆመም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

ካርዱን በጠርዙ ይዞ ከማስገቢያው አፍ አገናኘው። ጠባብ ነው። ኃይል እንዲያገኝ በግራ እጁ የሳጥኑን ጥግ ጨበጠ፤ ወደፊት ጠጋ አለ፤ ጉልበቱ ከምንጣፉ ወርዶ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አረፈ።

ከዚያ ጮኸ ይሁን አይጩህ አያውቅም። ክንዱ የሱ አልነበረም። ጥርሱ ከጥርሱ ተጋጨ፤ ቀኝ እጁ ካርዱን ወደ ጎን ፈነቀለው፤ ሰማያዊ ብልጭታ አየ፤ ከዚያ ጀርባው የአልጋውን ብረት ሲመታ ተሰማው። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

እናትየው ወደሱ አልሮጠችም። የሮጠችው ወደ ግድግዳው ነው። የሻርፗን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ገመዱን መነጨቀችው። ስፒናው እጇ ላይ ቀረ። አየችው፤ ልጇን አየችው፤ ደግሞ ስፒናውን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና መጥታ ጭንቅላቱን ደገፈች። «ተረፍክልኝ» አለች።

እጁን አፍታትቶ እንደገና ሞከረ፤ ዘግይቶም ቢሆን እንደ ሽቦ ቃል። ካርዱ መሃሉ ላይ ጠቁሯል። ማስገቢያው አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ካርዱን ትቶ፣ ሳጥኑን ከሌላ ክፍል ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ባዶውን ሊያስነሳው ሞከረ፤ ማራገቢያው ትንሽ ዞረና ቆመ። ሞኒተሩ አልበራም። ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ሽቦ ሮጠ፤ ሱቁ ተዘግቶ ጠበቀው። ሲመለስ እናትየው ለሐኪም ቤት የምትይዘውን ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ ባዶ ፊቱን አየች።

«ተወው በቃ» አለች። «ና፣ ብላ።»

ሐሙስ ጠዋት ገባች። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አልጋዋን ሲገፉ እጁን ይዛ ነበር። አንድ ነገር በጆሮዋ ሊነግራት ጎንበስ አለ፤ የመጨረሻው የምትሰማው ነገር የሱ ይቅርታ እንዳይሆንባት ፈራ። ይህንም ያንንም ሲያስብ በሩ ተከፈተ፤ አልጋው ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

እብጠቱ ወጣ። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ።

በአሥረኛው ቀን፣ እናትየው ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ስትመለስ፣ ሽቦ የሆነውን ከታላቁ ሰምቶ ገመዱንና የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ያየው ኮምፒውተሩን አይደለም። ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን ሶኬት ፈታና መፈተሻውን ሰካ፤ ቀጥሎ የሳጥኑን ውስጥ ፈተሸ።

«ና፣ እየው» አለው። «ሦስተኛው ቀዳዳ ከኋላው ምንም የለውም፤ ለጌጥ ነው። ማጥፊያውም የሚቆርጠው እሳት የሚያመጣውን ሳይሆን መመለሻውን ሽቦ ነው። አጠፋሁ ስትል እሳቱ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ከሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ወደ ማብሪያው የሚሄደው ገመድ ተልጦ ቆርቆሮውን ነክቶታል። እዚህ አገር ግማሹ ቤት እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ንቀል የምንለው።»

«ለምን እንዲህ ብለው አልነገሩኝም?»

«ንቀል አልኩህ እኮ» አለ ሽቦ፤ ሳይቆጣ።

ዲስኩ አልሞተም ነበር። ሽቦ ከሳጥኑ አውጥቶ በገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ፋይሉ አንድ ብቻ ነው፤ አርባ ሰከንድ። እናትየው ላፕቶፑን ስታይ ከአልጋዋ ተነሥታ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እኔም ልየው» አለች፤ ድምፅዋን መመጠን ስለተሳናት ጮክ ብላ። ታላቁ ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበ። ስክሪኑ ላይ ድምፁን የሚከተል ቀጭን መስመር እየተንቀጠቀጠ መጓዝ ጀመረ።

መጀመሪያ የሚንኳኳ ነገር። ከዚያ ታላቁ ሦስት ዓመት ሙሉ በሕልሙ እንኳ መስማት ያቃተው ድምፅ። «አንድ፣ ሁለት... ይሰማል? እማ! ካርዱን ገጠምኩት! እስቲ ተናገሪ!»

ከሩቅ፣ ከማድ ቤት በኩል፣ የእናትየው ድምፅ፤ ጠንካራና ቁጡ። «ነቅለህ ነው የገጠምከው?»

«ነቅዬ ነው!»

«ያ ሶኬት ይናከሳል እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«ነቅዬ ነው አልኩሽ እኮ፣ እማ!» ከዚያ ሳቅ፤ ረጅም፣ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ሰው ሳቅ።

«የት ደረሰ?» አለች እናትየው፤ ዓይኗ መስመሩ ላይ ነው።

ታላቁ እስክሪብቶውን አነሣ። ደብተሩ ላይ ጻፈላት፦ ነቅዬ ነው ይላል።

አነበበችና ፊቷ በራ። «ውሸታም!» አለች ለሽቦም ጭምር። «መቼ ነቀለና! ካቻቢቴ ሊያመጣ ሲወጣ ሄጄ የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። የሱን ቃል አምኜ አላውቅም፤ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር ከኋላው ሄጄ እነቅል ነበር።»

ሽቦ ገመዱን የሚጠቀልል መስሎ አቀረቀረ።

እናትየው ወደ ታላቁ ዞረች። ቁጣ የላትም፤ የሆነ ነገር እንደምታስረዳው ነው የተናገረችው።

«አንተን ግን የተማረ ነው ብዬ አመንኩህ» አለች።

መስመሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ። በጣቷ ስክሪኑን ነካች። «ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት።