የካሣ አንድ ዓይን

ልጆቹ የሣሏቸው ሥዕሎች በትምህርት ቤቱ ዳስ ፊት በገመድ ላይ ተሰቅለዋል። ሁሉም የሣሉት አንዱን ዋርካ ነው፤ ሱዳን ውስጥ፣ በኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ በር ላይ ቆሞ፣ ኅዳር ሲገባ ቅጠሉን የሚያራግፈውን። ደብሪቱ የልጇን የሸጊቱን ሥዕል ስታይ ባዶ ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዛፉ ወዲያ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው በገላባት መንገድ ላይ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል። ባሏ ካሣ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ግን አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ጎንደር፣ ባደገችበት ደብር ግድግዳ ላይ፣ ጻድቃን ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ይመለከታሉ። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ይሁዳ ነው። ይህን የማያውቅ በጣቢያው የለም። ካሣ የታመሙ እናቱን ሊጠይቅ ድንበር ከተሻገረ ወር አልፎታል፤ ለደርግ እጁን ሰጥቶ የስደተኞችን ስም እያስመዘገበ ነው የሚለው ወሬ ከውሃ ወረፋው ጠፍቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ የገዛ ልጁ መሰከረችበት ሊባል ነው።

ደብሪቱ ስማቸው የተባለውን መምህር ከዳሱ አስጠርታ አፋጠጠችው። እሱም ረጋ ብሎ አስረዳት፦ ልጆቹ የሚማሩት ከቆሙበት ሆነው የሚታያቸውን መሣል ነው፤ የቀረበ ቅጠል ይተልቃል፣ የራቀ ሰው ያንሳል፣ ከጎን የታየ ሰው አንድ ዓይኑ በወዲያኛው በኩል ይቀራል። ደብሪቱ እግሯ አልረጋ ብሎ ከገመዱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ገመዱ ትመላለሳለች።

«መምህር፣ ይህን ሁሉ ለሚያልፍ ሰው ቆመው ሊያስረዱ ነው? ወይ ዓይን ይጨመርለት፣ ወይ ይውረድ።»

መምህር ስማቸው እርሳሱን ለሸጊቱ ዘረጋላት። ልጅቱ አልተቀበለችም።

«ሲሄድ ዛፉ ሥር ቆሜ ነበር» አለች። «ዞር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረም። ያንኛውን ዓይኑን አላየሁትማ።»

ደብሪቱ መመላለሷን ተወች። ያን ቀን እሷ ማሽላ አጨዳ ላይ ነበረች፤ ሲሄድ አላየችውም።

ከውሃው የምትመለሰው ጎረቤቷ እናኑ አጠገባቸው ደርሳ ሥዕሉን ቀና ብላ አየች።

«ውይ፣ ካሣን ከእነ ይሁዳ ጎን አቆማችሁት?»

«ልጄ የሣለችው ያየችውን ነው» አለች ደብሪቱ። «አንቺስ ከደርጎች ጋር ሲቀመጥ ያየሽው የት ቆመሽ ነው?»

እናኑ ጀሪካኗን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። እሷማ ሲወራ ሰምታ እንደሆነ አጉተመተመች።

ሥዕሉ አልወረደም። ደብሪቱም አልሄደችም። ሥዕሉን ቀና ብላ ያየች ሴትን ሁሉ፣ አንዷም ሳትቀራት፣ ያንኑ «የት ቆመሽ አየሽው?» ስትጠይቅ የውሃ ወረፋዋ አለፈባት።