የአባባ ኳ አጭር ንግግር

በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዜና ከነገሩ ይቀድማል።

በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ጽሕፈት ቤቱ ፊትና ኋላው የተጻፈበት አንድ ወረቀት ያወጣል፤ «የዓመቱ መዝጊያ ዜና» ይባላል። የትኛው ትምህርት ቤት አዲስ ክፍል እንደ ተሠራለት፣ የትኛው በእግር ኳስ እንዳሸነፈ፣ የትኛው መምህር ወደ የት እንደ ተዛወረ ይነገርበታል። ወላጆች በመዝጊያው ቀን ከልጆቻቸው ውጤት ጋር ይዘውት ወደ ቤት ይገባሉ። ታዲያ ወላጅ የመዝጊያውን ዝግጅት ዜና በመዝጊያው ቀን እንዲያነብ ከተፈለገ፣ ዜናው ዝግጅቱ ሳይደረግ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወንበር ሳይደረደር «ወንበሩ ሞልቶ ብዙዎች ቆመው ተከታትለዋል» ብላ ትጽፋለች። ልጆቹ ገና ግጥሙን በቃላቸው ሳይዙ «የልጆቹ መዝሙር ወላጆችን አስደስቷል» ትላለች። ዝግጅቱ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ አንድም ቀን ውሸታም ተብላ አታውቅም። ኃላፊው ሲቀልዱባት፣ «የእኛ ጸሐፊ ልጅ ሳይወለድ ስም ታወጣለች፤ ደግነቱ ስሙ ለልጁ ይስማማል» ይላሉ።

ዘንድሮ ግን ስም የወጣለት ልጅ አልወለድም አለ። ያ ልጅ ደግሞ የገዛ አባቷ ነበሩ።

አባቷ ከሰፈራቸው በታች ባለው ትምህርት ቤት ጥበቃም ደውል ደዋይም ናቸው። ደውሉ የከባድ መኪና ቸርኬ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ በወፍራም ሽቦ ተንጠልጥሏል። አባቷ ክንድ የሚያህል ብሎን ይዘው ሲመቱት ድምፁ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ሁሉ ያነቃል። በዚያ ድምፅ ድስት የሚጥዱ ሴቶች አሉ፤ ሱቁን የሚከፍት ባለሱቅ አለ። ልጆቹ ስማቸውን ትተው «አባባ ኳ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ስሙን ወደውታል፤ «አቤት» ይሉበታል።

በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ጸሐፊዋ ይህን ዜና ስትጽፍ ከፊተኛው ገጽ ራስጌ አደረገችው። የአባት ነገር ሆኖባት ነው እንጂ ቦታው የፈተና ውጤት የሚሰፍርበት ነበር። እንዲህ ይላል፦ «የትምህርት ቤቱ የረጅም ዘመን የጥበቃ ሠራተኛ አሮጌውን ደውል ለመጨረሻ ጊዜ ደውለው፣ አጭር ንግግር አድርገው፣ የተበረከተላቸውን ስጦታ በደስታ ተቀብለዋል።»

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ ሳቁን ለቀቀው።

«አጭር ንግግር? ያንቺ አባት? እሳቸው ሰላምታ ጀምረው ሳይጨርሱ እኮ ምሳ ይደርሳል!»

«ዝም በል አንተ፤ ወረቀት ላይ ቦታ ስለሌለ ነው።»

«ይሄ የመጀመሪያው የሐሰት ዜናሽ ነው፤ ምስክር ነኝ።»

እሷም ሳቀችና ተወችው። ወረቀቱ በማባዣ ማሽኑ አለፈ፣ እየታሰረ ለየትምህርት ቤቱ ተላከ። የቀለሙ ሽታ ከእጇ ሳይለቅ ሥራ አብቅቶ ወደ ወላጆቿ ቤት ጎራ አለች። አባቷ በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። ብሎኑን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል።

«አባዬ፣ ምነው ብሎኑን ይዘህ መጣህ?»

«የእኔ ነዋ! ቸርኬው የመንግሥት ነው፤ ብሎኑን ግን መንገድ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ ምን ሆነሃል?»

እናቷ ሽንኩርት እየላጡ ከውስጥ መለሱ። «ተቀይሟል። ከቀትር ጀምሮ ልክ እንደዚህ ነው። እኔም እዚህ በሽንኩርት ሳለቅስ እሱም እዚያ በቸርኬ ያለቅሳል።»

ነገሩ ይህ ነበር። አባቷ ጠዋት ዓይናቸውን ሊታዩ ፈቃድ ወስደው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ቸርኬው ከዛፉ ላይ የለም። ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። ቸርኬው ከመጋዘኑ ጀርባ ከተሰባበሩ ዴስኮች ጋር ተደግፎ አገኙት። በቢሮው ግድግዳ ላይ ደግሞ አዲስ የኤሌክትሪክ ደውል ተገጥሟል፤ ሰዓት ተሞልቶለት በራሱ ይጮኻል። ማንም አንድ ቃል አልነገራቸውም። እሳቸውም ማንንም አልጠየቁም። ብሎኑን ከጥበቃ ቤቱ አንሥተው ወደ ቤታቸው መጡ።

«የሚሰናበት ሰው እኮ ቢያንስ ‘ደህና ሁን’ ይባላል» አሉ። «እኔ እስክመለስ ቢጠብቁ ምን ነበረበት? ሰው ከቤቱ ሲወጣ አድብቶ ዕቃ ማውጣት ምን ይባላል? እዚያ ግቢ እግሬን አላነሣም።»

«የመዝጊያው ቀንስ?»

«የመዝጊያው ቀን በራሱ የሚጮኸው ይጩህላቸዋ!»

ጸሐፊዋ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ከበዳት። ወረቀቱ አባቷ ደስ ብሏቸው እንደ ተሰናበቱ ለወረዳው ሁሉ አስቀድሞ ተናግሯል። ውሸታም መባሉ ያን ያህል አላስፈራትም። ያስፈራት ሌላ ነው። አባቷ ያን ሁሉ ዘመን የከፈቱትንና የዘጉትን በር፣ በመጨረሻው ቀን እንደ ተቀየመ ጎረቤት ከሩቅ ሊያዩት ነው። ቅያሜ ደግሞ ከሥራ ጋር ጡረታ አይወጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ጌታዬ፣ ዜናውን ማስተካከል ይቻል ይሆን?»

«ወረቀቱ ሄዷል እኮ። ምን ተበላሽቶ ነው?»

ነገረቻቸው። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ወረቀቱን ከምንለውጥ አባትሽን ብንለውጥ ይቀላል።»

«አያውቋቸውም ማለት ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና ርእሰ መምህርቷን ጠይቂያት» አሉ። «እዚህ ቁጭ ብለሽ ብታዝኚ ዛፉ ቸርኬ አያፈራም።»

ርእሰ መምህርቷ ገና በዚህ ዓመት የተሾመች ወጣት ናት። ጸሐፊዋን እንዳየቻት ገባትና ከወንበሯ ተነሣች። እጇን ይዛ ወደ ዛፉ ወሰደቻት። ቸርኬው የነበረበት ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚለይበት ቦታ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው።

«እይው። ከሥሩ የአንደኛ ክፍል ልጆች ይጫወታሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ መሰላል ይዘው ስለመጡ ያን ቀን አስወረድኩት። አባባ ሲመለሱ ልነግራቸው ነበር፤ ስብሰባ ላይ ዋልኩ። ስወጣ ሄደዋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርሽ? ቤታቸው ልሄድ አስቤ ፈራኋቸው። እኔን ራሴን አርፍጄ ስመጣ ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሚያስገቡኝ።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። «እኔንም ልጃቸውን እንደዚያ ነው።»

«እባክሽ ንገሪያቸው። ቸርኬው ይሰቀላል፤ ግን የት እንደሚሰቀል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ይምረጡልኝ።»

ጸሐፊዋ ከሥራ ስትወጣ ወላጆቿ ቤት ደረሰች። እናቷ ምሥር እየለቀሙ ነው። አባቷ አሁንም በራፉ ላይ ናቸው፤ ብሎኑ ግን ከጉልበታቸው ወርዶ ከጎናቸው ተቀምጧል። መሻሻል ነው ብላ አሰበች።

«አባዬ፣ ቸርኬውን ያወረዱት ንቀውህ አይደለም። ቅርንጫፉ ተሰንጥቆ ነው። ሄጄ በዓይኔ አየሁት።»

«መሰንጠቁን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ አባቷ ቱግ ብለው። «እኔ አይደለሁ እንዴ ያሳየኋት! ‘ልጄ፣ ይሄ ቅርንጫፍ አንድ ቀን ልጅ ላይ ይወርዳል፤ አንድ ነገር አድርጊ’ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ እኮ!»

እናቷ ምሥሩን ከእጃቸው አስቀመጡ።

«ምን አልክ አንተ ሰውዬ?»

አባቷ ብሎኑን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«አንድ ነገር አድርጊ አልካት። አደረገች። ታዲያ የተቀየምከው ለምንድን ነው? ሰው ሳይሰማህ ትቀየማለህ፣ ሰው ሲሰማህ ትቀየማለህ! እኔ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ መቼ መስማት መቼ አለመስማት እንዳለብኝ ሳላውቅ ልሞት ነው።»

«ቢሆንም… መንገር…»

«አለመንገሯማ ጥፋቷ ነው፤ እሷም አምናለች» አለች ጸሐፊዋ ቶሎ ብላ። «ቸርኬው የት እንደሚሰቀል አንተ እንድትመርጥ ነው የምትፈልገው። ያላንተ አይሰቀልም ብላለች።»

አባቷ መላጣቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ሰዎች «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚሉት እውነት ነው፤ ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኳስ ሜዳው የጎል አግዳሚ ጥሩ ብረት ነው» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ። «ነፋስ አይነካውም። ድምፁም እስከ ታች ይደርሳል።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ጸሐፊዋ ጊዜው አሁን ነው ብላ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። እናቷ ነጠቋትና ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «አጭር ንግግር አድርገው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«ንግግር አድርጌያለሁ?» አሉ አባቷ።

«አድርገሃል። አጭር።»

«ምን አልኩ?»

«እሱን አልጻፍኩትም፤ ቦታ አልነበረም።»

አባቷ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «አንቺ ልጅ! ‘የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ’ ይባላል። እኔ ያልተናገርኩትንም ተናገረ ብለሽ አሳትመሻል። አሁን የወለድኩት እንዳይጠፋብኝ ሄጄ መናገሬ ነው እንግዲህ!» ቁጣው ግን ከዓይናቸው ጠፍቶ ነበር።

የመዝጊያው ቀን ወንበሩ ሞላ፤ ብዙዎችም ቆመው ተከታተሉ። እስከዚህ ወረቀቱ ልክ ነው። የልጆቹ መዝሙር መሐሉ ላይ ቢምታታም ወላጆችን አስደሰተ። ከዚያ አባባ ኳ የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው፣ ብሎናቸውን ይዘው፣ ወደ ጎሉ ሄዱ። ርእሰ መምህርቷ ከኋላቸው ተከተለች። ቸርኬው እሳቸው ባሉት ቦታ፣ በአግዳሚው መካከል ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ሽቦውን ሳብ አድርገው ፈተሹት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ መቱት። ኳ! ኳ! ኳ!

«ጎል!» ብለው ጮኹ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ። መምህራኑ እንኳ ተነሥተው አጨበጨቡ።

ከዚያ ማይክራፎኑ ተሰጣቸው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ በጣቱ ሰዓቱን መታ መታ አደረገ። አባቷ ጀመሩ። የጀመሩትም ትምህርት ቤቱ ሳይሠራ፣ ሜዳው ረግረግ ከነበረበት ዘመን ነው። ረግረጉን ማን እንዳደረቀው ተናገሩ። ያደረቀውን ሰው አጎት አነሡ። የአጎትየውን በቅሎ አነሡ። ኃላፊው በወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። እናቷ ከሦስተኛው ረድፍ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው «ልጄን ጉድ ሊሠራት ነው» እያሉ ነው።

«…እና ያቺ በቅሎ» አሉ አባባ ኳ፣ «ያቺ በቅሎ አንድ ቀን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው…»

ይሄኔ የኤሌክትሪኩ ደውል በረጅሙ ጮኸ። የዕረፍት ሰዓት ደርሷል፤ ሰዓቱን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ልጆቹ በልማዳቸው ብድግ አሉ። ርእሰ መምህርቷ ፊቷ ቀልቶ ወደ ቢሮው ልትሮጥ ስትል አባባ ኳ እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው ልጄ፣ ተዪው።»

ደውሉ ጮኾ እስኪያበቃ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ጠበቁ። ሲያበቃ ግድግዳው ላይ ወዳለው ዕቃ ዞረው አዩት።

«ያን ሁሉ ዘመን የመምህራንን ቃል ከአፋቸው ላይ ስነጥቅ ኖሬያለሁ» አሉ። «‘አንዴ ልጨርስ’ እያሉ ሲለምኑኝ አንድ ቀን እንኳ አልሰማኋቸውም። ደውል ደውል ነው። ዛሬ የእኔ ተራ ነው። ተደውሏል፤ ዕረፍት ነው!»

ማይክራፎኑን መለሱ። ጭብጨባውና ሳቁ ተደባለቀ። አንድ ሽማግሌ መምህር ከኋላ ተነሥቶ፣ «ይኸው እግዜር ፈረደልን!» ብሎ ጮኸ። ስጦታው ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር፤ በደስታ ተቀበሉት። እናቷ ዳሰስ አድርገው «እንቅልፍ የማያውቅ ሰው ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል» አሉ፤ ግን አጣጥፈው በብብታቸው የያዙት እሳቸው ናቸው።

ከመውጣታቸው በፊት አባባ ኳ ብሎኑን ለርእሰ መምህርቷ ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች።

«መብራት ሲጠፋ» አሏት። «መሐሉን አትምቺው፤ ጠርዙን ነው። ደግሞ አታርፍጂ።»

«እሺ አባባ።»

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በሩ ላይ ጸሐፊዋን አገኛት። «አጭር ሆነ» አለ፤ ማመን አልቻለም። «እንዴት አድርገሽ አወቅሽ?»

«ዜና ነዋ» አለችው።

አባት፣ እናትና ልጅ ወደ ቤት አቀበቱን ተያያዙት። ወላጆች ከፊትና ከኋላ ወረቀቱን እያነበቡ ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ቀና ብሎ አባባ ኳን አይቶ እንደገና ወረቀቱን ያያል። አባቷ ግን በቅሎዋ ያደረገችውን ለእናቷ ሊተርኩ ሲሉ «ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ» እየተባሉ ነው። አቀበቱ መሐል ላይ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እስቲ ያን ወረቀት ከጀርባውም አንብቢልኝ» አሉ። «ነገ ምን አድርጌ እንደዋልኩ ልወቅ።»