አርባ የግራ ጫማ

ልብስ ሰፊዋ ገና ልጅ ሳለች፣ እናቷ በአጥር በኩል ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰምታለች። «ለሰው የምትሰጪውን መጀመሪያ ራስሽ ላይ ለኪው» አለች አንዷ። እናቷ ትሁን ጎረቤቷ፣ ዛሬ አታስታውሰውም። ሌላዋ የሆነ ነገር መልሳላት ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ግን ትዝ ይላታል። ምኑ እንዳሳቃቸው ሳታውቅ አርባ ዓመት አለፈ።

ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን መንደር ጠራርጎ የወሰደ ሰሞን፣ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ቤት አልባ በሆኑ ሰዎች ተጨናነቀ። ከላይኛው መንደር የሚመጣውን ልብስና ጫማ እንድትለይ የተመደበችው ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ የሚላት ይህችው ልብስ ሰፊ ነበረች። እሷም ጸሎት እንዳበቃ ተነስታ፣ «የሰጠ ሁሉ የሰጠውን ለብሶ ወንዙ ዳር ደርሶ ይመለስ» አለች። ሰው ቀልድ መሰለው። አንዲት ወይዘሮ ግን የላኩትን ካፖርት ለብሰው፣ ቁልፍ ስለሌለው በሁለት እጃቸው ገጥመው ወርደው ሲመለሱ፣ ቤታቸው ጎራ ብለው የጎደሉትን ስድስት ቁልፎች ይዘው መጡ።

ከዚያ ጫማ ነጋዴው ጋሼ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሸክመው መጡ። እትዬ መርፌ ዘረገፈችው። አርባ ጫማ፤ አርባውም የግራ።

«ጋሼ፣ ቀኙስ?»

«ምን መሰለሽ፣ መደርደሪያ ላይ የማወጣው ግራ ግራውን ነው። ሌባ አንድ እግር ጫማ ሰርቆ ምን ይሠራለታል? ቀኞቹ ጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ሰው ተቸገረ ሲባል ሆዴ አልችል ብሎ ከመደርደሪያው አፈስኩት።»

«ሌባ የናቀውን ነዋ ለእግዜር እንግዶች ያመጡት።»

«ከባዶ እግር አይሻልም፣ እህቴ?»

«እንግዲያው ያጥልቁትና ይውረዱ።»

ጋሼን ኩራት ያዛቸው። ከእኔ ሱቅ የወጣ ጫማ እግር ጎድቶ አያውቅም ብለው ሁለት ግራ አጥልቀው ወጡ። የቀኝ እግራቸው ጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ጋሼ እንደ ዳክዬ እየተወላገዱ ከመንገዱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ቦዩ ሄዱ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ጋሼም ከነሙሉ ልብሳቸው ተከተሉት። እትዬ መርፌ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያኔ እናቷ ምን እንዳሳቃት ያወቀች መሰላት።

ቤቷን ጎርፍ የወሰደባት አንዲት ልብስ አጣቢ ጎትታ አወጣቻቸው። ሱሪያቸው እስኪታጠብ ድረስ ጋሼ ሰው በለገሰው ባለ አበባ መጋረጃ ተጠቅልለው፣ አዳራሹ ውስጥ ከአጣቢዋ ነፍሰ ጡር ልጅ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይሄ ወለል እርጥብ ነው እንዴ?» አሉ።

«እርስዎ ሱሪዎ እስኪደርቅ ነው» አለች አጣቢዋ። «እሷ ግን እዚህ ከተኛች ሳምንቷ ነው። እዚሁ ልትወልድ ነው።»

«ደረቅ ቤት ያለው ዘመድ የላችሁም?»

«ዘመዶቻችን ያውና፣ ግድግዳውን ተደግፈው።»

እትዬ መርፌ ክር በጥርሷ በጠሰች። «ለመሆኑ ጋሼ፣ ቀኞቹ ያሉበት ደረቅ ነው?»

«እንዴታ! እርጥበት ቆዳ ያበላሻል። ሲበርድ ማሞቂያ ሁሉ አበራላቸዋለሁ።»

ይህን ካሉ በኋላ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት።

አጣቢዋ ሱሪያቸውን እየጨመቀች፣ «ምነው እኔም ቀኝ ጫማ ሆኜ በተፈጠርኩ» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት፤ ስትስቅ ሆዷን አመማትና ፊቷ ተጨማደደ። ጋሼ ደንግጠው ከነመጋረጃቸው ብድግ አሉ።

«መጣ እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። መጋረጃውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ በሌላው የጓሮ ክፍሎቹን ቁልፍ ፍለጋ የሌለ ኪሳቸውን ዳበሱ። ቁልፉ ሱሪው ውስጥ ነበር፤ አጣቢዋ አብራ አጥባዋለች።

«ቀኞቹ ዛሬውኑ እኔ ሳሎን ይግቡ» አሉ ቁልፉን ተቀብለው። «ልጅቷም ክፍሎቹ ውስጥ ትረፍ፤ የሚወለደው ልጅ ጫማ አጥልቆ እስኪሄድ ድረስ።»

«ሁለቱንም እግር ነው?» አለች እትዬ መርፌ።

ጋሼ ተነፈሱ። «እሺ፣ ሁለቱንም። የአርባዎቹንም ቀኝ አመጣለሁ።»