የፍየሎቹ አጥሚት

ታቢታ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሦስት ሳምንት ወደ ገጠር ስትላክ፣ የምትቀልባቸውን የምርምር ጣቢያ አሥራ ሁለት ፍየሎች ለአያቷ ለእማማ ደብሪቱ አደራ ብላ ሄደች። ቤታቸው ከጣቢያው አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ወልደአማኑኤልም «እማማ ካሉ ምን እንፈልጋለን» ብሎ ፈቀደ።

ስድስቱ ፍየሎች ጆሯቸው ላይ ነጭ ምልክት አላቸው፤ ጤነኞች ናቸው። ስድስቱ ደግሞ ቀይ። በቀዮቹ ደም ውስጥ ዶክተሩ የገንዲን ተውሳክ፣ ያንን የቆላ ዝንብ ከከብት ወደ ከብት የሚያዛምተውን፣ በመርፌ ከትቷል። በሽታው ሲቆይ ልብ ያደክማል፤ እንዴት እንደሚያደክም ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ ልፋት። ስለዚህ ለሁሉም እኩል ሣር፣ በጣሳ የተለካ እኩል ፉርሽካ። ታቢታ ስትሄድ ከደጅ ሳይቀር ተመልሳ፣ «እማማ፣ እኩል» ብላቸዋለች።

እማማ ደብሪቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ እኩል ማለት አይጠፋቸውም። ግን በሽተኛን ከጤነኛ እኩል ማብላት የየት አገር ደንብ ነው? በአራተኛው ቀን ቁጥር ሰባት፣ ቀዩ፣ ውኃ ሊጠጣ ተነስቶ መንገድ ላይ ተኛ፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። አንጀታቸው አልቻለም። በማግሥቱ አጃ ፈጭተው አጥሚት አፈሉ፤ ጨው ጣል አድርገው፣ አቀዝቅዘው በባልዲ ይዘው ገቡ። ከቀዮቹ ቁጥር ዘጠኝን ብቻ ዘለሉት። የመጀመሪያው ቀን ጉልበታቸውን ወግቷቸዋል።

«አንተን እንኳ ጥጋብህ ይበቃሃል» አሉት።

ታቢታ በተመለሰች ሰሞን የወሩ ሚዛን ሆነ። ከበሽተኞቹ አብዛኞቹ ወፍረዋል። ዶክተሩ ሚዛኑን ተጠራጥሮ ደግሞ መዘናቸው፤ ያው ነው። ወይ የዚህ አገር ገንዲ ቀላል ነው፣ ወይ ሰው ምልክቱን ቀያይሯል። የሠራተኞች ኮሚቴው ጓድ ሽበሺ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ፤ «አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል የገባችበት ቤት ሰው ሳይጎድልበት አይቀርም ነበር።

ታቢታ ማታ እራት አልቀመሰችም። «ነገ ጠዋት ይጠይቁኛል። ምልክቱን የምነካው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንን ይላሉ?»

እማማ ደብሪቱ ጉርሻ ጠቀለሉ። ቢናገሩ እሳቸውን ይወስዷቸዋል፤ ያኔ ለዚች ልጅ ማን አላት? ዝም ቢሉ ደግሞ እሷን። «ብይ እስቲ፣ አንድ ጉርሻ» ብቻ አሉ። ሲነጋ ልጅቷ ገና ፊቷን ሳትታጠብ እሳቸው ባልዲያቸውንና ጣሳቸውን አንጠልጥለው ጣቢያው ደረሱ። ዶክተሩም ጓድ ሽበሺም ቢሮ ውስጥ ነበሩ።

«ዶክተር፣ ምልክቱን ማንም አልነካም። እኔ ነኝ፤ አጥሚት እየሰጠኋቸው ነበር።»

«ለማን?»

«ለታመሙት ነዋ። ለጤነኛ አጥሚት ምን ያደርግለታል?»

ጓድ ሽበሺ ብዕሩን አነሳ። «ማን አዘዘዎት?»

«እናትህ ጥሩወርቅ፣ ወባ የያዘህ ጊዜ አጥሚት ስታፈላልህ ማን አዟት ነበር? ስብሰባ ተጠርቶ ነው?»

ዶክተሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «በቀን ስንት ስንት ሰጧቸው?»

«በዚህች ጣሳ አንድ አንድ። አሥራ ሰባት ቀን።»

«ለስድስቱም?»

«ለአምስቱ። ያ ዘጠኝ ቁጥር ተዋጊ ነው፤ እሱን አላበላሁትም።»

ዶክተሩ መዝገቡን ገለጠ። ከቀዮቹ የከሳው ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነበር። የልብ ማዳመጫውን ይዞ ወደ በረቱ ወጣ፤ ተከተሉት። መጀመሪያ አንድ ነጭ አዳመጠ፣ ከዚያ ዘጠኝን፣ ከዚያ ወፍራሙን ሰባትን። ሲጨርስ ማዳመጫውን እሳቸው ጆሮ ላይ አደረገላቸው።

የነጩ ልብ ሁለት ሴቶች ተራ በተራ እንደሚወቅጡበት ሙቀጫ እኩል ይመታል። የሰባት ቁጥር ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ አንዱን ይዘላል። የዘጠኝም እንደዚያው ነው።

«ወፍሯል እኮ» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ።

«ሥጋው ወፍሯል፣ እማማ። አጥሚቱ ልቡ ዘንድ አልደረሰም። ገንዲው ቀላል ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ያ ወረቀት አዲስ አበባ ቢደርስ ለቆላው ሰው ከብት መድኃኒት ማን ይልካል? ከእንግዲህ ግን ሳይነግሩኝ አንድ ጣሳም እንዳይሰጡ።»

ጓድ ሽበሺ የታቢታን ስም የጻፈበትን ወረቀት እንደያዘ ቆሟል። «እኔ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያሉትን ነዋ። ለአምስት በሽተኛ አጥሚት፣ አሥራ ሰባት ቀን» አለው ዶክተሩ።

«የኔንም ስም ጻፈው» አሉ እማማ ደብሪቱ። «የታቢታን ብቻ አውጣልኝ።»

ፊቱን አጨፍግጎ ሰረዘ። እሳቸው ግን አላመኑትም፤ ወረቀቱን ተቀብለው ጣታቸውን እያስከተሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መለሱለት።

ሊወጡ ሲሉ ሰባት ቁጥር ቀስ እያለ መጥቶ አፍንጫውን በአጥሩ ቀዳዳ አወጣ። ባልዲውን ከነጠላቸው ኋላ ደበቁት።

«የለም» አሉት። «ሰምተሃል አይደል፣ ከልክለውኛል።»

እሱም አልሄደ፣ እሳቸውም አልሄዱ።