በሐሰተኛው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ድመት

በዌክስተን ቤት እያንዳንዱ ወራሽ አባቱን ሞኝ ለማሰኘት አንዱን አፍርሶ ሌላውን ይሠራል። አንዱ በእንጨት ያቆመውን ልጁ በድንጋይ ለወጠው፤ የልጅ ልጁ ደግሞ የቤቱ ፊት ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ብሎ፣ መስኮት በሌለበት ልስን ላይ መስኮት አሣለበት። ከሩቅ ሲታይ መጋረጃው እንኳ ገለጥ ያለ ይመስላል።

ከዚያ ሥዕል ጀርባ፣ በምድር ቤቱ ክፍል፣ እሜቴ ዶርካስ ይኖራሉ። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ የሚሄዱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እኔ የአጥቢያው ወጣት ዲያቆን ነኝ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መዝሙረ ዳዊት ላነብላቸው ስሄድ በጠራራ ቀን መብራት አበራለሁ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ያ ግድግዳ ተከፍቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የባለቤታቸውን መቃብር ከአልጋቸው ሆነው ማየት።

የቤቱ የዛሬ ወራሽ፣ የወንድማቸው ልጅ ሰር አምብሮዝ፣ ግድግዳው እንዲከፈት ለቅርስ ጽሕፈት ቤት አመለከተላቸው። የቅርስ ሹሙ ሚስተር ፔቲፈር መጣና ሥዕሉን ሊያሸተው እስኪመስል ተጠግቶ አየው።

«አይነካም። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የተመዘገበ ቅርስ ነው።»

«እኔስ ዘጠና ልደፍን አይደል? ለእኔ የሚቆረቆር ሹም የለም?»

«እርስዎ አልተመዘገቡም፣ እሜቴ።»

በቀጣዩ ማክሰኞ «አየሩ ደስ ይላል፤ ወደ ውጭ ግፋኝማ» አሉኝ። ጭናቸው ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር ነበር። ከሥዕሉ ሥር አቆምኳቸው። «ከመዝሙሮቹ ሁሉ ረጅሙን» ብለው አዘዙኝ። አነበብኩ። ብሩሽ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ቀለም የሚበጠበጥበት የተልባ ዘይትም ሸተተኝ፤ ግን በጸሎት መሀል ዞር ዞር ማለት ነውር ነው። አሜን ብዬ ቀና ስል፣ በሐሰተኛው መስኮት ደፍ ላይ ጥቁር ድመት ጉብ ብላለች።

«አክስቴ! ምን አደረጉ?» አለ አምብሮዝ እየሮጠ መጥቶ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድመት ሲያሻት ትመጣለች።»

ፔቲፈር ፊቱ ቲማቲም መስሎ ደረሰና ድመቷ ትፋቅ አለ። ዘይቱ ግን ልስኑ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፤ ስለዚህ ልስኑ ራሱ መነሳት ነበረበት። ሲነሳ ከሥሩ በጡብ የተደፈነ፣ በቀጫጭን የድንጋይ ዓምዶች የተከፋፈለ መስኮት ብቅ አለ። የእውነት መስኮት፤ ለሥዕሉ ቅድመ አያት የሚሆን።

«ይሄ… ይሄማ ሊሸፈን አይችልም» አለ ፔቲፈር። «ጡቡ ይውጣ።»

«ጡቡስ ቅርስ አይደለም እንዴ?» አለ አምብሮዝ።

«ድንጋዩ በዕድሜ ይበልጠዋል።»

«ተመስገን!» አሉ እሜቴ። «በዚህ ቤት ታላቅ የሚከበርበት ቀን መጣ።»

አምብሮዝ ጠረጠረ። «አክስቴ፣ መስኮት እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ስንት ዓመት ከውስጥ በከዘራዬ ሳንኳኳ ኖርኩ። ደህና ግድግዳ እንደ ባዶ ሣጥን ድው እያለ አይመልስም።»

ጡቡ ወጥቶ መስታወት በገባ ቀን፣ ብርሃኑ አልጋቸው ላይ ተዘረጋ። ከማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ የባለቤታቸው የመቃብር ድንጋይ ይታያል። እሜቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው መቃብሩ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። በልባቸው እየጸለዩ መስሎኝ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«ያ ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «በሕይወቱ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ካስቀመጥኩት ቦታ ተገኝቶ አያውቅም። ይኸው፣ አለ።»

ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«በል አንብብልኝ። አጭሩን ግን።»