የአስካለ የፍቺ ማስረጃ

አስካለ፣ ጠጅ ቤት እያመሸ አንጀቷን ሲያሳርራት ከኖረው ከጥላዬ ከተላቀቀች ዓመታት አልፈዋል። አሁን ሌላ ባል ልታገባ ስትል ቀበሌው የፍቺ ማስረጃ አምጪ አላትና ጎረቤላ ከተማ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደች። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ጥላዬ ቆሟል። ለካ እሱም ደብረ ብርሃን የምትሠራ ሴት አጭቶ ያንኑ ማስረጃ ሊያወጣ መጥቷል።

"ዛሬ እንኳ በጊዜ መጣህ" አለችው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መደርደሪያውን አገላብጣ ፈልጋ ባዶ እጇን ተመለሰች።

"ለመሆኑ ማን ነው ያፋታችሁ?"

"ሽማግሌዎች ናቸዋ" አለች አስካለ ኮራ ብላ። "ጥዱ ሥር ተቀምጠው በሬውን ለሱ፣ ላሚቱን ለኔ ሰጥተው፣ መርቀው ለያዩን።"

"ስምምነቱን ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አላጸደቃችሁትም?"

ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌ ከመረቀ ወዲያ ሌላ ምን ይቀራል ብለው ነበር።

"እንግዲያው በሕግ ዛሬም ባልና ሚስት ናችሁ" አለች ሠራተኛዋ።

ጥላዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አስካለ ግን ነጠላዋን መልሳ አጣፋች፤ እንደ ድሮውም ወገቧን ይዛ ወደሱ ዞረች።

"እና ይሄን ሁሉ ዓመት የት ስታመሽ ከርመህ ነው?"